ምቱን አስቀድሞ መጠበቅ፤ በዱርቤቴና በአቸፈር ምድር ስለ ጠመንጃ አተኳኮስና ስለ ምላጭ አሳሳብ

«አልሞ ተኳሽ» የሚለው የአማርኛ ስም ሁለት ሥራዎችን በአንድ ያጣምራል፤ አንደኛው ማለም፣ ሁለተኛው መተኮስ ነው። ማለም የዓይን፣ መተኮስ የእጅ ሥራ መሆኑን ማንም ያውቃል። በሁለቱ መካከል ያለችው ቅጽበት ግን በቋንቋው የተለየ ስም አልወጣላትም። ብዙ ጥይት የሚስተው በዚችው ስም በሌላት ቅጽበት ነው። ዓይኑ በትክክል ያለመ፣ መሣሪያውም ጕድለት የሌለበት ሰው ምላጩን በሚስብበት ጊዜ፣ ጥይቱ ገና ሳይወጣ፣ ሰደፉ ሊመታው መሆኑን ሰውነቱ አስቀድሞ ያውቃል። ከዚህም የተነሣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ጠመንጃውን በእጁ ጨምቆ አፈሙዙን ከዒላማው ያዛንፋል። ተኳሹ ራሱ ይህን ማድረጉን አያውቅም። ጥይቱ በሳተ ጊዜ እርሱ ጠመንጃውን ወይም ነፋሱን ይወቅሳል፤ አጠገቡ ያሉት ደግሞ ልቡን ይወቅሳሉ።

ይህ ጠባይ ጠመንጃ በገባበት አገር ሁሉ ያለ ቢሆንም፣ በጎጃም፣ በተለይም በአቸፈር ምድር የተመለከቱት እንደ ሆነ ከመሣሪያው ታሪክና ከሕዝቡ ልማድ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ፣ መራዊና ግልገል ዓባይ ከታለፉ በኋላ የምትገኝ የገበያ ከተማ ስትሆን የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ ናት። ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በዚህ የጤፍ፣ የዳጉሳና የበቆሎ አገር ጠመንጃ የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የአባወራ ማዕረግ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ንብረት፣ የሠርግና የለቅሶም ዕቃ ሆኖ ኖሮአል።

የመሣሪያዎቹ ስሞች የመጡበትን መንገድ ይናገራሉ። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊከር የተወረሱ ስሞች ናቸው፤ ቤልጅግ የተባለው ደግሞ በቤልጅግ አገር የተሠራው ማውዘር ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋነኛው ውጅግራ ነው። በፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ይህ ጠመንጃ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ፣ የቀለሙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመንም፣ በዳንግላና በአቸፈር በኩል በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ሥር እንደ ተሰለፉት ባሉ የጎጃም አርበኞች ዘንድ፣ እንደዚህ ያሉ አሮጌ ጠመንጃዎች ከጠላት ከተማረኩት ምንሽሮች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አዲስ ጥይት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከወደቀ ወይም ከተማረከ ጠላት ዝናር በመሆኑ እያንዳንዱ ቀለህ ይቈጠር ነበር። በእንደዚህ ያለ ኑሮ ውስጥ አንድ ጥይት ስቶ መሄዱ የዋዛ ጉዳይ አይደለም፤ የጥቁር ባሩድ ጢስም የተኳሹን ቦታ ወዲያው ለጠላት ስለሚያሳይ ሁለተኛውን ጥይት ለማጕረስ ጊዜ ላይገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ የቃላት ልዩነት ሊታወቅ ይገባል። በንግግር ቃታና ምላጭ ሲለዋወጡ ይሰማል፤ «ቃታ ሳበ» ሲባልም ተኮሰ ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ግን ቃታ የተባለው ጥይቱን የሚያጐርሰውና መምቻውን የሚደግነው ክፍል ነው፤ ምላጭ የተባለው ሌባ ጣት የሚስበው ነው። የሰደፍ ምት የተባለውም ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ተመልሶ ትከሻን የሚመታው ነው።

የምቱ መጠን በቀላል ስሌት ይታወቃል። የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጠመንጃው 4.2 ኪሎ ቢሆን፣ የባሩዱ ጋዝ የሚጨምረው ግፊት ሳይቈጠር፣ በሴኮንድ 2.7 ሜትር በሚያህል ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳል ማለት ነው። ዛሬ በገጠሩ የተለመደው ክላሽንኮቭ ግን ጥይቱ 8 ግራም ያህል፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 715 ሜትር፣ መሣሪያው ካርታው ተሞልቶ 4 ኪሎ ገደማ በመሆኑ የኋሊት ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.4 ሜትር ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የምቱ ጕልበት ወደ ሩብ ይወርዳልና፣ የአያት ትከሻ የቻለው ምት የልጅ ልጁ ከሚያውቀው አራት እጥፍ ያህል ነበር።

ይህ ሁሉ ምት ጥይቱን በራሱ ያስታል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። እርሳሱ የውጅግራን 80 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሙዝ አልፎ እስኪወጣ ድረስ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም በየተኩሱ ተመሳሳይ ስለ ሆነ አነጣጣሪው በማነጣጠሪያው ልኬት ውስጥ ተቀብሎት ይኖራል። ትከሻን የሚያሳምመው ዋናው ምት የሚደርሰው ጥይቱ ከሄደ በኋላ ነው። ተኳሹ ለምቱ የሚሰጠው ምላሽም የዘገየ ነው። በማውዘር ምላጩ መምቻውን ከለቀቀበት እስከ ጥይቱ መውጣት ድረስ ያለው ጊዜ ከሴኮንድ መቶኛ እጅ አያልፍም። የሰው የዓይን ሽፋን በድንገተኛ ድምፅ ለመርገብገብ ከሴኮንድ 30 እስከ 50 ሺኛ እጅ ያስፈልገዋል፤ ሰው ድምፅ ሰምቶ ወድዶ እጁን ለማንቀሳቀስ ደግሞ 150 ሺኛ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ከተኩሱ በኋላ የሚመጣ ድንጋጤ ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢበረታ፣ ጥይቱን ሊደርስበት አይችልም። የሚያስተው ከተኩሱ በፊት የሚመጣው ብቻ ነው።

ያ እንቅስቃሴ በዓይን የማይታይ ትንሽ ቢሆንም ውጤቱ ትንሽ አይደለም። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለው ጠመንጃ የፊተኛው ማነጣጠሪያው አንዲት ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 17 ሳንቲ ሜትር፣ በ300 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ያልፋል። የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ምላጭ ለመሳብ ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚደርስ ኀይል ሊጠይቅ ይችላል፤ የጠመንጃው ጠቅላላ ክብደት ግን ከ4 ኪሎ ብዙም አያልፍም። መሣሪያውን እግረ መንገዱን ሳያንቀሳቅስ ክብደቱን ከግማሽ በላይ በሚሆን ኀይል በአንዲት ጣት መሳብ፣ ልምምድ ለሌለው ሰው በራሱ አስቸጋሪ ነው። የምቱ ጥበቃ ሲጨመርበት ጣት ብቻ መሳቡ ቀርቶ መዳፍ፣ ክንድና ትከሻ አብረው ይስባሉ።

የድንጋጤን ነገር የመረመሩ የውጭ አገር ሊቃውንት ለዚህ ጥናት የሚረዳ ብዙ ነገር ትተዋል። ቻርልስ ዳርዊን በ1872 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ስሜት መግለጫ በሚናገረው መጽሐፉ የራሱን ፈተና ይተርካል፤ በለንደን የእንስሳት ማቆያ ከእባብ ፊት ባለው ወፍራም መስታወት ላይ ፊቱን አስጠግቶ፣ እባቡ ቢነድፍም ላለማፈግፈግ ቈርጦ ነበር። እባቡ ሲነድፍ ግን ቍርጥ አሳቡ ሁሉ ከንቱ ሆኖ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ዘለለ። ካርኒ ላንዲስና ዊልያም ሀንት ደግሞ የሽጕጥ ድምፅ የሰሙ ሰዎችን በፈጣን ፊልም አንሥተው በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከድንጋጤ ምልክቶች ሁሉ የዓይን መጨፈን እጅግ የጸና መሆኑን አሳይተዋል። ሌላው የሰውነት ክፍል ድምፁን ሲለምድ እየተረጋጋ ቢሄድም ዓይን አይለምድም።

ይህ ግን ስለ ድንጋጤ እንጂ ስለ ጥበቃ አይደለም። ድንጋጤ እንዴት ወደ ፊት ተሻግሮ ከምቱ እንደሚቀድም የሚያስረዳው የኢቫን ፓቭሎቭ ትምህርት ነው። አንድ ምልክት ከአንድ ምት ጋር ደጋግሞ ከመጣ፣ ሰውነት ለምልክቱ ለብቻው መመለስ ይጀምራል። ደወል ተሰምቶ ወዲያው ትንሽ ነፋስ ዓይኑ ላይ የሚነፋበት ሰው፣ ከተደጋገመበት በኋላ ነፋሱ ሳይደርስ ደወሉን እንደ ሰማ ይጨፍናል። ለተኳሽ ደወሉ የምላጩ መክበድ ነው። ጣቱ ላይ ያለው ጫና ወደ መጨረሻው መቃረቡ «አሁን ሊመታህ ነው» የሚል ምልክት ይሆንበታል። ከደወሉ የሚለየው ነገር፣ ምልክቱን የሚሰጠው ራሱ ተኳሹ በመሆኑ ጊዜውን ከማንም አብልጦ ማወቁ ነው።

ነገሩ የፍርሃት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑም ከዚህ ይታያል። በ1967 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ሊቃውንት እንዳሳዩት፣ የቆመ ሰው ክንዱን ፈጥኖ ሊያነሣ ሲል የእግሩ ጡንቻዎች ከክንዱ ይቀድማሉ፤ ሰውነት ሚዛኑ ሊናጋ መሆኑን ዐውቆ አስቀድሞ ራሱን ይደግፋል። ማንም ሰው ይህን በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ውኃ የሞላ ማሰሮ በግራ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ቢጨፍንና ሌላ ሰው ድንገት ቢያነሣለት መዳፉ ወደ ላይ ይዘላል፤ በራሱ ቀኝ እጅ ቢያነሣው ግን መዳፉ ጸጥ ብሎ ይቈያል፤ የሚያነሣው እጅ ለሚይዘው እጅ አስቀድሞ ነግሮታልና። ተኳሹም በምላጭ ጣቱ ለትከሻው ይነግራል። ትከሻውም እንደ ታማኝ አገልጋይ ምቱን ሊመክት ይወጣል፤ የወጣው ግን ከጊዜው በፊት ነው።

በአቸፈር ባለ ሰው ላይ ይህ ጠባይ የሚያርፈው በሌላ የቈየ የሰውነት ትምህርት ላይ ነው። ከጠመንጃ በፊትም ሆነ ከጠመንጃ ጋር የኖሩት መሣሪያዎች ጦርና ወንጭፍ ናቸው። ጦር ወርዋሪ ጦሩን በሚለቅበት ቅጽበት ትከሻውንና መላ አካሉን ወደ ፊት መጣል ይገባዋል፤ ኀይሉ ከዚያ ይመጣልና። አዝመራ የሚጠብቅ ልጅም ወንጭፉን ሲለቅ እንደዚሁ ያደርጋል። ጠመንጃ ግን ኀይሉ በባሩዱ ስለ ሆነ ከተኳሹ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ በመልቀቂያዋ ቅጽበት አንዳች አለመጨመር። «ተኮሰ» የሚለው ግሥ ራሱ ከመወርወር ጋር ዝምድና የለውም፤ በእሳት መተኮስን፣ በጋለ ብረት ማቃጠልን የሚናገር ነውና፣ ቋንቋው የአዲሱን መሣሪያ ጠባይ ከሰውነት ቀድሞ ሳይረዳው አልቀረም።

ወጣቱ የመጀመሪያ ተኩሱን የሚማርበት ቦታም ችግሩን ያባብሰዋል። በጎጃም ሙሽራ ሲመጣ፣ የተከበረ ሰው ሲቀበር፣ ጥይት ወደ ሰማይ መተኮስ የቈየ ልማድ ነው። እንዲህ ያለው ተኩስ ዒላማ የለውም። ዓይን ቢጨፈን፣ አፈሙዝ ቢዛነፍ የሚያውቅ የለም፤ ድምፁና ምቱ ግን እንደ ሌላው ተኩስ ሁሉ ለሰውነት ትምህርት ይሰጣሉ። ከዒላማ በፊት በሠርግ የተኮሰ ልጅ መጥፎውን ትምህርት በሙሉ ተምሮ፣ አራሚውን ሳያገኝ ይቀራል። (ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይት ተመልሶ ሰው ላይ መውደቁ ሌላ፣ ከዚህም የከበደ ጉዳይ ነው።)

የስሕተቱ ምስክር በአጋጣሚ የሚገኘው ጥይት በሚከሽፍበት ጊዜ ነው። ያረጀ፣ እርጥበት የገባው ወይም በእጅ ዳግመኛ የተሞላ ቀለህ መምቻው ቢመታውም አይተኩስም። ዛሬ «አሳቡ ከሸፈ»፣ «ሴራው ከሸፈ» እየተባለ በፖለቲካ ንግግር የሚሠራበት ቃል የጠመንጃ ሰዎች ቃል ነው። ጥይት ሲከሽፍ ምት የለም፤ ድምፅም የለም። ያን ጊዜ ተኳሹ ሊደርስ የነበረውን ምት ለመመከት ያደረገው ሁሉ ዕራቁቱን ይቀራል፤ አፈሙዙ በግልጽ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ትከሻው ይወረወራል። በተኩስ ጊዜ ምቱ ራሱ ስለሚሸፍነው ይህን ማየት አይቻልም። በልዩ ልዩ አገር የዒላማ አሠልጣኞች ሆነ ብለው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ተማሪው ሳያይ አንዳንዴ ሙሉ ጥይት፣ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ ያጐርሱለትና በባዶው ጊዜ የሚያደርገውን ያሳዩታል። አሮጌ ጥይት ያለው ባላገር ይህን ትምህርት ሳይፈልገው በነጻ ያገኘው ነበር።

የተመልካቾች ፍርድ ግን ትምህርቱን ያበላሸዋል። ፉከራና ሽለላ የሰውን ዋጋ በሚለኩበት ማኅበር፣ ከከሸፈ ጥይት ጋር ትከሻው የተወረወረ ሰው «ደነገጠ» ይባላል፤ ደነገጠ ማለት ደግሞ ፈራ ማለት ለመሆን ሩቅ አይደለም። ይህ ፍርድ ከላይ በተነገረው ምክንያት ትክክል አይደለም። ብዙ የተኮሰና ብዙ የተመታ ትከሻ ከጀማሪው ይልቅ አጥብቆ ሊጠብቅ ይችላል፤ ጀማሪ በመጀመሪያ ጥይቱ ምን እንደሚመጣበት ስለማያውቅ ጸጥ ብሎ ይተኩሳል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ይበላሻል። ተግሣጹም ጕዳቱን ይጨምራል እንጂ አያቃልልም። ስሕተቱን በድፍረት ለማሸነፍ የሚሞክር ሰው ጥርሱን ነክሶ፣ ጠመንጃውን አጥብቆ ይዞ፣ ምላጩን በኀይል ይመነጭቃልና፤ ይህ ሁሉ አፈሙዙን የሚያዛንፈው ነው።

መፍትሔው ድፍረት ሳይሆን ጊዜውን ከሰውነት መደበቅ ነው። ምላጩ ቀስ በቀስ፣ እኩል በሆነ ጫና ሲሳብ የሚለቅበት ቅጽበት ለራሱ ለሳቢው ድንገተኛ ይሆናል፤ ድንገተኛ ለሆነ ነገር ደግሞ ቀድሞ መዘጋጀት አይቻልም። የማውዘር ምላጭ በሁለት ደረጃ የሚሳብ መሆኑ ለዚህ ይጠቅማል፤ መጀመሪያ ቀላሉና ላላው መንገድ ይወሰዳል፤ ከዚያ ጠንካራው ላይ ሲደርስ ቆም ተብሎ እንደ ገና ቀስ እየተባለ ይጨመራል። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤትና ከነጻነት በኋላ የተቋቋመው መደበኛ ሠራዊት የዒላማ ትምህርትን በሥርዓት የሚሰጡ ሆኑ፤ ከሠራዊት ተሰናብቶ ወደ ርስቱ የተመለሰ ወታደርም ይህን ወደ መንደር ሊያስገባ የሚችል መንገድ ነበር።

ይሁንና የጥይት ውድነት ራሱ ከማንኛውም አሠልጣኝ ያላነሰ አስተማሪ ሆኖ ይታያል። ጥይቱ ጥቂት የሆነ ሰው ቆሞ፣ በችኰላ አይተኩስም። በዐለት ወይም በግንድ ላይ ያስደግፋል፤ በሆዱ ይተኛል፤ ይጠብቃል። ጠመንጃው ተደግፎ ሲቀመጥ እጅ መጨመቁን ይተዋል፤ በሰደፉና በትከሻው መካከል የታጠፈ ጋቢ ሲገባም ምቱ ይለዝባል። በባዶ ጠመንጃ እያለሙ ምላጭ መሳብም ወጪ የለበትም፤ ምላጩ መሳቡንና ምቱን ያጣመረውን ልማድ ይፈታዋል። ፓቭሎቭ እንዳሳየው ግን የተፈታ ልማድ አይሞትም፤ ከዕረፍት በኋላ በራሱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ክረምቱን ጠመንጃውን ሰቅሎ የከረመ ሰው በጥቅምት የመጀመሪያውን ጥይቱን ቢስት አያስገርምም። ጥይት ማነሱ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል፤ በአንድ በኩል ሰውነት ምቱን እንዳይማር ያደርጋል፤ በሌላ በኩል እያንዳንዱ ተኩስ እጅግ የከበደ ስለሚሆን ጥበቃውን ያጠነክራል። የጎጃም ተኳሽ ዝና ከተፈጥሮ ጀግንነት ይልቅ ከፊተኛው ሥራ፣ ይኸውም ከዝግታውና ከድጋፉ የመጣ ይመስላል።

ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ክላሽንኮቮች፣ በተለይም በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ከተበተነ በኋላ፣ ወደ ገጠሩ ሲዛመቱ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ምቱ ወደ ሩብ ወረደ፤ ድምፁ ግን አልወረደም፤ ዓይንን የሚያስጨፍነው ደግሞ ከምቱ ይልቅ ድምፁ ነው። በአንድ ካርታ 30 ጥይት ስላለ ከሳተው ጥይት ኋላ ሌላው ወዲያው ይከተላል፤ ተኳሹም የትኛው እንደ ሳተና ለምን እንደ ሳተ ሳይለይ ያልፋል። አዲሱ ጥይት ደግሞ የሚከሽፈው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ በውጅግራ ዘመን በየጊዜው በአደባባይ ይጋለጥ የነበረው የትከሻ እንቅስቃሴ ዛሬ በተኩሱ ድምፅ ውስጥ ተሸፍኖ፣ ከተኳሹም ከተመልካቹም ተሰውሮ ይኖራል።